የውሰት ጣት

በ2081 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ይነከሳል። ሲያገባ ሌላ ንክሻ አለ፤ ሴት ስታረግዝ ደግሞ ሌላ። የምትነክሰው ደም መርማሪ ሳጥን ከአንድ ዳቦ አትበልጥም። ጣትህን ታስገባለህ፣ ቆንጠጥ ታደርግሃለች፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ። መንግሥት በአንድ ትንፋሽ የማያልቅ ስም አውጥቶላታል፤ ሕዝቡ ግን ጉንዳን ብሎ ጠርቷት አረፈ።

አረንጓዴ ከበራ ማንም ምንም አይጠይቅህም። ቀይ ከበራ ግን መልእክቱ በቤተሰብ መዝገብህ ላይ ስልኩ ላለ ሁሉ ይደርሳል፤ ለሚስትህ፣ ለአባትህ፣ ለአማትህ፣ ደሴ ላለችው አክስትህ። የበሽታው ስም ሳይቀር ተጽፎ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚመካከር መስሏቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች አማት ያላቸው አይመስለኝም።

ስለዚህ ሕዝቡ መላ ፈለገ። ሠርግ ሲደርስ ጉንዳኗን የሚይዘው የጤና ሠራተኛ ቤት ድረስ ይመጣል። በደስታ ቀን ደም ማየት ጥሩ አይደለም ተባለና ሳጥኗ ላይ ጋቢ መጣል ተጀመረ። ጋቢ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ሥሩ የማን ጣት እንደገባ ማየት ነውር ሆነ። ሠራተኛው የሙሽራውን ስም ያስገባና ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ ጣቱን የሚያስገባው ሚዜው ነው። ጣት ማዋስ ይባላል። ድሮ ሚዜ ሲመረጥ ቁመናውና ጨዋታው ይታይ ነበር፤ ዛሬ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጣቱ ነው። ለሙሽሪት ጓደኛዋ ታውሳለች። ላረገዘች ሴት ደግሞ፣ የእርጉዝ ደም ዓይን ይገባበታል ስለሚባል፣ የባሏ እህት በነጠላ ተሸፍና ታስገባላታለች። የዓመቱ ንክሻም ቤት ለቤት ስለሆነ በዚያው ጋቢ ሥር ያልፋል። ማንም ሰው አጭበረበርኩ ብሎ አያስብም። ጨዋነት ነው።

ነገሩ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነው። የማያውቀው የሆስፒታላችን ሰሌዳ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ የተሰቀለው ይህ ትልቅ ሰሌዳ የከተማውን የአባላዘር በሽታ ቁጥር ያሳያል፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዜሮ ነው። በየዓመቱ ለዜሮው ኬክ ይቆረስለታል፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን ንግግር ያደርግለታል። ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር የሚታየው ሌላ ሰሌዳ ላይ ነው፤ እሱ ምድር ቤት ነው ያለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀሉ ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ። የግድግዳ ቦታ የለም ተባልኩ።

ሉባባ እንድሪስ እባላለሁ። ሐኪም ነኝ። የሕክምና ተማሪዎች የአባላዘር በሽታን በዓይን፣ በእጅና በጥያቄ እንዲለዩ አስተምራለሁ። አስተምር ነበር ማለት የሚገባኝ ይመስል ይሆናል፤ አልልም።

የዛሬ ተማሪ የሰው ገላ ሳይነካ ይመረቃል። አረንጓዴ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቀይ ከሆነ የመድኃኒቱ መሳቢያ በራሱ ይከፈታል፤ ሐኪሙ መሃል ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። ያለ ቀይ መድኃኒት አይወጣም። አረንጓዴ የበራለትን ሰው ታሟል ብሎ የፈረመ ሐኪም ፈቃዱ ይታገዳል። የንክሻው ጊዜ ያላለፈበት ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ሲመጣ ዳግመኛ አይነከስም፤ ብክነት ነው ይላሉ። ራሱ ሰውየው ካልጠየቀ በቀር። ማን ይጠይቃል?

ዲናችን አስናቀ የእኔ ተማሪ ነበር። ጎበዝ ነበር፣ ክፋትም የለበትም፤ ዜሮ ግን ሰው ያበላሻል። ጥቅምት ላይ ቢሮዬ መጣና ጉልበቱን እያሻሸ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ኮርሱ በዚህ መንፈቅ ይዘጋል» አለ።

«ምን ሆኖ?»

«በሽታው የለማ። የሌለ በሽታ እንዴት እናስተምራለን?»

«አስናቀ፣ ሠርግህ ላይ ነበርኩ እኮ። ጋቢው ሲጣል አጠገብህ ነው የቆምኩት።»

ጆሮው ቀላ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ከዚያ የመጨረሻውን ፈተና ራሱ መጥቶ እንደሚያይ ነገረኝ። ጉንዳኗ ጤነኛ ናት ያለቻትን አንዲት ሴት ያመጣል፤ ተማሪዎቼ በዓይናቸው አንድ ነገር ካገኙ ኮርሱ ይቀጥላል፣ ካላገኙ በሰላም ይዘጋል።

«ጤነኛ አምጥተህ በሽታ አላገኛችሁም ልትለን ነው?»

«ጉንዳኗን ካላመኑ እርስዎ ምን ያስፈራዎታል?»

«አምጣት» አልኩት። ከሄደ በኋላ በንዴት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁ።

የቀሩኝ ተማሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዋር የሐርቡ ሼህ ልጅ ነው፤ ከጥርሱ ቃል የሚወጣው በልመና ነው። ረድኤት የሐይቅ ልጅ ናት፤ የእሷ ችግር ቃል ማስቆም ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ትምህርት ስም መጥራት ነው። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ። ቆመው ጮክ ብለው ይጠሩታል። የዚያን ቀን አንዋር በፈረንጅ ስሙ ሊያመልጠኝ ሞከረ።

«በአገርህ ቋንቋ» አልኩት። «እናትህ በምታውቀው ስም።»

«እናቴ ይህን አታውቅም፣ ዶክተር።»

«ታውቃለች። ላንተ አልነገረችህም እንጂ።»

ሁለተኛው ትምህርት መጠየቅ ነው። በሽተኛ ሆኜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩለት። አንዋር ላብ በላብ ሆነ።

«ዶክተር፣ እርስዎ የእናቴ እኩያ ነዎት።»

«የእናትህ እኩዮች አይታመሙም? ጠይቀኝ። በሽታው ሳያፍር አንተ ምን ያሳፍርሃል?»

«በቅርብ ጊዜ… ከሰው ጋር… ተገናኝተዋል?»

«አዎ፣ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ከሻጯ ጋር ተገናኝቻለሁ።»

ረድኤት ሳቋ አመለጣት። አንዋርም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ መጠየቅ ቻለ። ሰነበተና ደግሞ ተበረታቶ «ከማን ነው የያዘዎት?» አለኝ፤ እንደ ዐቃቤ ሕግ። ተቆጣሁት። እኛ የምንጠይቀው ማን እንደበደለ አይደለም፣ ሌላ ማን መታከም እንዳለበት ነው። ይህን እስኪይዘው ድረስ ብዙ ጊዜ አስደገምኩት።

የማሳየው በሽተኛ ስላልነበረኝ ቀሪውን በቃል አስተማርኩ። የቂጥኝ ቁስል አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። በኋላ የሚመጣው ሽፍታ አያሳክክም። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ይወጣል፤ ሌላው ሽፍታ እዚያ ቦታ ብዙም አይደፍርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረትም ነገርኳቸው፤ ረድኤት «ዶክተር፣ የእኛ ከተማ እኮ የደበቀው ከሳጥን ነው» አለች።

የፈተናው ዕለት ዲኑ ነጃትን ይዞ መጣ። ነጃት ባቡር ጣቢያ በድምፅ ማጉያ የባቡር ሰዓት የምታስታውቀው ናት፤ ድምፅዋን የማያውቅ የለም፣ መልኳን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ሁለት እጆቿ እስከ አንጓዋ ድረስ በሂና ጠቁረዋል። ዲኑ ወንበር ስቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

አንዋር ስለ እርግዝናው ጠየቃት። ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት።

«አንድ ነበረ» አለች። «አምና። ስድስተኛ ወሩ ላይ ሞቶ ወጣ።»

«ምን አሉሽ?»

«የአላህ ሥራ ነው አሉኝ።»

«ያኔም አረንጓዴ ነበረች» አለ ዲኑ ከጥጉ።

አንዋር ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደለመደው ይዘለዋል ብዬ ፈራሁ።

«ዲን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ውጭ ይቆዩልን።»

አስናቀ የተናገረው በሩ መሰለው። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጣራውን አየሁ። ብዙ ካመነታ በኋላ ወጣ፤ በሩንም ረድኤት ዘጋችው።

«ነጃት፣ አሁን የምጠይቅሽን የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ» አለ አንዋር። «የምትመልሺው ካንቺ ፈቃድ ውጪ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ዶክተርም ብትፈልጊ ይወጣሉ።»

«ይቀመጡ» አለች።

ጠየቃት። አንድም አልዘለለም። ከባሏ ከሙባረክ በፊት አንድ ሰው እንደነበረ ነገረችው። ሙባረክ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። «እኔ አልጠይቀውም፣ እሱም አይጠይቀኝም፤ እንዲያ ነው የተስማማነው» አለች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ መሆኑ ያስታውቃል።

«የእርግዝናሽ ንክሻ የማን ጣት ነበር?» አለች ረድኤት።

«የሰዓዳ። የሙባረክ እህት ናት።»

«የሠርግሽስ?»

«የጓደኛዬ።»

«የሙባረክስ?»

«የሚዜው ነዋ!» ነጃት ልጅቷን እንደ ሞኝ አየቻት።

ረድኤት እጇን ያዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ሂናው ወፍራም ነው፤ መዳፉ ላይ አንዳች ነገር አይታይም። እኔ ካለሁበት ስመለከት በቃ አለቀ አልኩ።

«ያምራል» አለች ረድኤት። «መቼ ተቀባሽው?»

«በየሳምንቱ ነው የምቀባው።»

«በየሳምንቱ? ሂና እኮ ይቆያል።»

ነጃት እጇን ሳብ አደረገች። «ነጠብጣብ ወጣብኝ። ሙቀት ነው አሉኝ። ሰው እንዳያየው ብዬ ነው እንጂ… አያመኝም።»

ረድኤት ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጫማዋን እንድታወልቅ ለመነቻት፤ ሆዷ ስለማያስጎነብሳት ራሷ ፈታችላት። ውስጥ እግሯ ሂና አልነካውም። ጠይም ቀይ ነጠብጣብ ከተረከዟ እስከ ጣቶቿ ሥር ሞልቷል።

«ያሳክክሻል?»

«ኧረ አያሳክክም።»

ረድኤት ቀና ብላ አየችኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቃል ብቻ ያስተማርኩትን ነገር ተማሪዬ በዓይኗ አገኘችው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው በደስታዬ አፈርኩ፤ ፊቴ የተቀመጠችው ሴት ሁለተኛ ልጇን ልታጣ ነው።

«ነጃት» አለች ረድኤት፣ «ቂጥኝ ይመስለኛል።»

«እሱ እኮ የድሮ ሰው በሽታ ነው። የለም ተብሏል!»

«ተብሏል» አልኩ እኔ። «አብሽሪ፣ መድኃኒት አለው። ዛሬ መርፌውን ከተወጋሽ ይህ ልጅ በደህና የመወለድ ዕድሉ ትልቅ ነው። ካልተወጋሽ ግን ያምናው ሊደገም ይችላል። ልዋሽሽ አልችልም።»

«ታዲያ ስጡኛ!»

ሦስታችንም ወደ ግድግዳው ዞርን። ዓይኗ እኛን ተከትሎ ግድግዳው ላይ ወዳለው መሳቢያ ሄደ፣ ከዚያ አጠገቡ ወዳለችው ጉንዳን። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ የሚከፈትና የማይከፈት በር ታውቃለች።

ፈቃድ ጠይቀናት ዲኑን አስገባነው። ረድኤት የነጃትን እግር አሳየችው። አስናቀ ሐኪም ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አንድ ጊዜ አይቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አዲስ አበባ እንላካት» አለ።

«እዚያም ያችው ጉንዳን ናት» አልኩት።

«እርስዎ ቢፈርሙስ?»

«አሁኑኑ እፈርማለሁ፤ ፈቃዴንም ይውሰዱት። መሳቢያው ግን ፊርማ አያነብም።»

ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው ቀይ የሆነ ሰው ፈልገን… ጣቱን ቢያውሳት?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። «ቀይ ጣት የሚያውስ ሚዜ አይተህ ታውቃለህ? አስናቀ! ቀይ የሆነውን ሁሉ አረንጓዴ ስታደርጉ ኖራችሁ፣ አሁን ቀይ ከየት ልትበደር ነው?»

አንዋር እጄን ነካ አደረገኝ። ነገሩ የእኔና የአስናቀ ጠብ አልነበረም።

ነጃት ጫማዋን ሳታጠልቅ ተቀምጣ ነበር። «መልእክቱ ለሁሉም ነው የሚሄደው?» አለች።

«ለሁሉም» አልኳት።

«ለሙባረክ እናትም? ለእማ ዘምዘም?»

«የቤቱ አባወራ እሷ ሆና ከተመዘገበች ለእሷ ይቀድማል።»

«እሷ ናት።» ሆዷን ያዘች። ከዚያ ባላሰብነው ቁጣ መናገር ጀመረች። «አምና ልጄን ስንቀብር ሁሉም መጥተው ነበር። ሰዓዳ ከእኔ በላይ ነው ያለቀሰችው። ለቅሶ ቤት ያን ሁሉ ቀን ተቀመጡ፤ ስለ እንግዳው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሁሉም ተወራ። ስለ ጣቱ አንድ ሰው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ማንም አይጎዳበትም ብለን ነው… ኧረ ተጎድቷል! የሞተው ልጄ ነው!»

አንዋር የወረቀት መሐረብና ስልኳን አንድ ላይ አቀበላት፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት ነው።

«እኔ ራሴ እጠይቃለሁ» አለች ነጃት። «ትንከሰኝ።»

አስናቀ ተነሳ። ከልምድ ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፣ ወንበሯ ላይ የነበረውን የነጃትን ነጠላ አነሳና ጉንዳኗ ላይ ጣል አደረገው። የጨዋ ልጅ ነው፤ እጁ ሌላ አያውቅም።

ነጃት ነጠላውን ገፍፋ መልሳ ያዘችው። ሁላችንም እያየን በሂና የጠቆረውን ጣቷን አስገባች። ቆንጠጥ አደረገቻት። ቀይ በራ።

ቀይ ሲበራ እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር፤ እንደ ታነቀ ፍየል ይጮኻል። መሳቢያው ተንሸራቶ ወጣ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው «ሰሌዳው! ሰሌዳውን እዩት!» ሲል ተሰማ፤ እግሮች ሮጡ። አስናቀ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ ተመለሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ጠርሙሱን ከመሳቢያው አንስቶ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አየና ለረድኤት ሰጣት። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ኮርሱ ግን አልተዘጋም።

ረድኤት መድኃኒት የሚቆጣት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አይቆጣትም። መርፌው ወፍራም እንደሆነና እንደሚያም ነገረቻት። ነጃት በጎኗ ተኛች። ስልኳ መጮህ የጀመረው ያኔ ነው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው። ስሞቹን እያየች አሳለፈቻቸው። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህን ላንሳው» አለች። አልጋው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«ነጃት!» የእማ ዘምዘም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ይህ ስልክ ምን ጉድ ነው የሚያወራው? የማንን ጣት ነው ያስገባሽው? እኔ የሰዓዳን ሰጥቼሽ የለም ወይ? ማን ናት ይህቺ የተበላሸ ጣቷን ያዋሰችሽ? ስሟን ብቻ ንገሪኝ፣ ወላሂ ቤቷ ድረስ ነው የምሄደው!»

መርፌው ገባ። ነጃት ጥርሷን ነከሰች፣ የአልጋውን ብረት ያዘች፣ ረድኤት ቀስ ብላ እስክትጨርስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆየች። አማቷ አሁንም ስም ትጠይቃለች።

«የራሴ ነው፣ እማ» አለች። «አሁን ሙባረክን የራሱን ጣት ይዞ ይምጣ በሉልኝ።»